አብርሃም ቶማስ በሳን ሆዜ

ሰው አሜሪካ የሚሄደው ለመማር፣ ለመታከም ወይም ለመቅረት ነው። እኔ የሄድኩት የአሜሪካን ታሪክ ለማስተማር ነው። ቪዛ ልጠይቅ ኤምባሲ የገባሁ ቀን ይህንኑ ብናገር፣ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ቀና ብላ አየችኝና ጥያቄዋን ደገመች። እኔም መልሴን ደገምኩ። ለመዋሸት የተነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ ውሸት አያጣም ብላ ይሆናል፣ ፈቀደችልኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ምን አየህ?» እያለ መውጫ መግቢያ ስላሳጣኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ተማሪዬ ታናሽ እህቴ አስካለ ናት። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ኦክላንድ ከገባች አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዲቪ ደርሶት እሷንና ትንሿን ልጃቸውን ሰላምን ይዞ ሲሄድ፣ ትልቁ ልጅ ዮናስ ሃያ አንድ ዓመት አልፎት ነበርና እኔ ዘንድ ቀረ። አስካለ ግሪን ካርዷን እንደያዘች ላመጣው ብላ አመለከተች። ተራው ሳይደርስ ዮናስ አገባ። ያገባ ልጅ ማምጣት የሚችለው ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ሰርጉን ስንበላ ፋይሉ አሜሪካ ሞተ። ስለዚህ አስካለ ዜጋ መሆን አለባት፤ ለዚህም ስለ አገሩ ታሪክና መንግሥት ከሚቀርቡላት አሥር ጥያቄዎች ስድስቱን መመለስ አለባት። ዕድሜዋና የቆየችበት ዘመን ስለሚፈቅድላት በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ትጠየቃለች። የሚሞከረው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን ወድቃለች።

የወደቀችበትን ሳልናገር አላልፍም። ያስተረጎመላት እዚያው ያደገ የጎረቤት ጎረምሳ ነበር። ጠያቂው «ከካቢኔ ሥልጣኖች ሁለቱን ጥቀሺ» ሲላት፣ ልጁ፣ በእንግሊዝኛ ካቢኔ ቁም ሳጥንም ነውና፣ «የቁም ሳጥን ሁለት ደረጃዎች ይንገሩን» ብሎ አቀበላት። አስካለ አሰብ አድርጋ «የላይኛውና የታችኛው» አለች። የቀሩትም ጥያቄዎች በዚሁ መንገድ ሄዱ። ማታውኑ ደወለችልኝና «ጋሼ፣ አንተ ካላስተማርከኝ አይሆንልኝም» አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሚፈልገኝ ተማሪ በመገኘቱ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ኋላ ምን እንዳመጣ ታያላችሁ።

እሑድ ጠዋት ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ተነሳሁ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ጋቢዬና አንድ ላስቲክ ቋንጣ ነበር። ሰኞ ሳን ፍራንሲስኮ ስደርስ የጉምሩክ ውሻ መጣችና ሻንጣዬ አጠገብ ቁጭ አለች። የእኛ ሰፈር ውሻ ቋንጣ ቢሸተው ይዞ ይሮጣል እንጂ ተቀምጦ ባለሥልጣን አይጠብቅም። የጉምሩኩ ሰው ሥጋ አይገባም ብሎ ቋንጣውን ወሰደው። ለውሻዋ ግን አልቆረሰላትም፤ እኔን ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው።

የእህቴ ልጅ ሰላም ነርስ ናት፤ በርክሌ ትሠራለች። ጃኬት ይዛ ልትቀበለኝ መጥታ «ጋሽዬ፣ ይልበሱት፣ እዚህ ብርድ አለ» አለችኝ። ከደብረ ብርሃን ለመጣ ሰው! ስቄ መለስኩላት። ድልድዩን ተሻግረን ኦክላንድ ስንደርስ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ አጥንቴ ውስጥ ገባ። የእኛ ብርድ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው በጋ መስሎ ነው የሚገባው። ጃኬቱን ልጠይቅ አፍሬ፣ ቤት እንደገባሁ ጋቢዬን ፈልጌ ተጠቀለልኩ። አስካለ አቅፋኝ ስታለቅስ ያቀፈችው በአብዛኛው ጋቢውን ነበር።

ማረፊያዬ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋ ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት ሰላም ሥራ ስትሄድ፣ አስካለን ላስደስት ብዬ ሽንኩርት ማቁላላት ጀመርኩ። ጣሪያው ላይ የተለጠፈች ክብ ነገር ጭሱ ሲደርሳት ድንገት ጮኸች። ጩኸቷ ልክ የእሳት አደጋ መኪና ቤት ውስጥ የገባ ያህል ነው። አስካለ ፎጣ ይዛ ታራግባለች፣ እኔ ድስቱን ይዤ የት እንደምሄድ ጠፍቶኛል። ከላይ ፎቅ አንዲት ሜክሲኳዊት አሮጊት የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ወረደችና፣ እኛን አንድም ቃል ሳትጠይቅ ክቧን ነገር በእንጨቱ ጫፍ ነክታ ዝም አሰኘቻት። ከዚያ ድስቱን አየች፣ አሸተተች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቋንቋ ሳይኖረን ሦስታችን በላን። አስካለ ኦክላንድ አሥራ ስድስት ዓመት ስትኖር አብራት የበላች ጎረቤት ይህች የመጀመሪያዋ እንደሆነች ነገረችኝ። ለዚህ መተዋወቂያ ቤት ለማቃጠል መቃረብ ነበረብን።

ከምሳ በኋላ ትምህርት ተጀመረ። ጥያቄዎቹ በአማርኛ ተተርጉመው በወረቀት ወጥተዋል። ከሁሉ ያስቸገራት አንድ ሰው ነበር፤ አብርሃም ሊንከን። ስሙ አይያዝላትም።

«ጋሼ፣ ሊንከን አባቱ ነው?»

«አባቱ ቶማስ ነው።»

«ታዲያ ሊንከን ማን ነው?»

እዚህ ላይ «የቤተሰብ ስም ነው፤ ዝም ብለሽ ያዢው» ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። የመምህርነት ዛር ተነሳብኝ። «ሊንከን ማንም አይደለም። ሰውየው በሥርዓቱ ቢጠራ አብርሃም ቶማስ ነው። አያቱም አብርሃም ይባላል። እንግዲህ አብርሃም ቶማስ አብርሃም ማለት ነው።»

ፊቷ በራ። «እህ! ይሄማ ስም ነው» ብላ ደብተሯ ላይ እስከ አያቱ ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የእኛው ሰፈር ሰው ሆነላትና ታሪኩ ያለ ችግር ገባላት። በትምህርት ዘዴዬ በጣም ኮራሁ።

ታሪኩን እንደሚከተለው ነገርኳት። አብርሃም የተወለደው አንድ ክፍል ባላት የግንድ ጎጆ ነው። አሜሪካኖች ይህችን ጎጆ ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። እኛ ዘንድ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ መወለድ የሕይወት ታሪክ አይባልም፣ ሰፈር ነው የሚባለው። ትምህርት ቤት የገባበት ጊዜ ተደማምሮ አንድ ዓመት አይሞላም፤ እኔ ብሆን ስሙን ከመዝገብ እሰርዘው ነበር። እንጨት ፈለጠ፣ ጀልባ ቀዘፈ፣ ሱቅ ከፍቶ ከሰረ፣ ፖስታ አደለ፣ መሬት ለካ፣ በመጨረሻ ያለ አስተማሪ አንብቦ ጠበቃ ሆነ። ለሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ለሴኔት ያልበቃው ሰው ፕሬዚዳንት ሆነ። በምርጫው ሰሞን አንዲት ትንሽ ልጅ ፊትህ ከሲታ ስለሆነ ጢም አሳድግ ብላ ጻፈችለት፣ አሳደገ። የእኛ አገር ባለሥልጣን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ልጅቷን ማን እንዳጻፋት ነው።

አስካለ ግን የሳቀችው እኔ በሳቅኩበት ቦታ አይደለም። እናቱ በዘጠኝ ዓመቱ እንደሞተች ስነግራት እንባዋ መጣ። «ማን አሳደገው?» አለች። የእንጀራ እናቱ ደግ እንደነበረች፣ መጽሐፍ ይዛለት እንደመጣች ስነግራት «እግዜር ይስጣት» ብላ ተጽናናች። አሟሟቱ ላይ ስንደርስ ደግሞ ተቆጣች። በስቅለት ዓርብ ቲያትር ቤት ገብቶ፣ አንድ ተዋናይ ከኋላው መጥቶ ተኩሶ ገደለው።

«በስቅለት?»

«በስቅለት።»

«በስቅለት ቲያትር ቤት ምን ሊሠራ ገባ?» ደብተሯን ዘጋችው። «አይ አብርሃም። እናት ብትኖረው ተው ትለው ነበር።»

ረቡዕ ብቻዬን ወጣሁ። መሀል ኦክላንድ፣ ከቻይናዎች ሰፈር፣ በሊንከን ስም የተጠራ መናፈሻ እንዳለ ሰምቼ ሐውልቱን ልይ አልኩ። አውቶቡሱ መጥቶ ሲቆም በእኔ በኩል ያለው ጎኑ ተንፈስ ብሎ ወደ መሬት ዝቅ አለ። ለሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል አሉኝ። በሕይወቴ መኪና እጅ ሲነሳኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እኔም ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ሾፌሯ ሳቀች። መናፈሻው ውስጥ ሐውልት ካለም እኔ አላየሁትም። ኳስ የሚጫወቱ ጎረምሶችና በሰልፍ ቆመው ቀስ ብለው እጃቸውን የሚያነሱ የቻይና ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱን ሽማግሌ «ሊንከን?» ብዬ ጠየቅኩት። አየኝና ክንዴን ይዞ ከሰልፉ አስገባኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? አንድ ሰዓት ሙሉ አየሩን ስገፋ ቆየሁ። ሲያልቅ ከሙቅ ውኃ መያዣው ሻይ ቀዳልኝ። ስለ ፕሬዚዳንቱ ያገኘሁት እውቀት ይሄው ነው።

ስመለስ አውቶቡስ ትቼ በባቡር ልሞክር አልኩና በተቃራኒው ገብቼ በርክሌ ወረድኩ። ተማሪው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ነገር ሰክቶ ይሄዳል፤ ጮኼ ብጠይቅ የሚሰማ የለም። ሰላም ጋ ደወልኩ። «ጋሽዬ፣ ካሉበት ሙቭ እንዳያደርጉ! ብሬክ ላይ ነኝ፣ መጣሁ» ብላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሮጣ መጣች። ዕረፍቷን በእኔ ጨረሰችው። ይቅርታ ስጠይቃት «ኢትስ ኦኬ ጋሽዬ፣ ቢያንስ እርስዎ ስልክ ያነሳሉ፤ እማዬ ስትጠፋ ስልኳን ታጠፋለች፣ ቻርጅ እንዳይጨርስ» አለችኝ።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ጌታሁን መጣ። ጌታሁን ሳኒቬል በኮምፒውተር ሥራ የሚተዳደር፣ ሰላም የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ቁም ሳጥንና ካቢኔን የሚለይ አዋቂ አስተርጓሚ ሲፈለግ፣ እሱ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ በነጻ ተነሳ። አስካለን አስቀምጦ መከራት።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ኮንፊደንት ይሁኑ። ያልገባዎትን አዎ እንዳይሉ። ስም አምታተው ትሪክ ሊያደርጉ ይችላሉ። ካላወቁ አላውቅም ይበሉ። እኔ እዚያ ገብቼ መጨመርም መቀነስም አልችልም፤ ምዬ ነው የምገባው። ያሉትን ብቻ ነው ትራንስሌት የማደርገው።»

ምክሩ ጥሩ ነበር። የእኔም ትምህርት ጥሩ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ግን ሦስታችንም አላሰብነውም።

ዓርብ ጠዋት በጌታሁን መኪና ወደ ሳን ሆዜ ተነሳን። ሰላምም ከሥራ ቀርታ አብራን መጣች። አስካለ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መንገዱ ስድስት ረድፍ ነው፣ ስድስቱም ቆሟል። ደብረ ብርሃን ላይ መንገድ የሚዘጋው አህያ ሲተኛ ነው፤ እዚህ ማንም ሳይተኛ ተዘግቷል። ፍሪሞንት ላይ ስንደርስ ጭንቀቷን ላስረሳት ብዬ የከተማዋን ስም አመጣጥ አወራሁላት። ስሟ የአንድ ጄኔራል ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ይህ ጄኔራል፣ እሱ ባለበት ግዛት ያሉ የአማፅያን ባሪያዎች ነጻ ናቸው ብሎ አወጀ። አብርሃም አዋጁን ሰረዘበት፣ ቆይቶም ከቦታው አነሳው።

«ለምን? ባሪያ ነጻ የሚያወጣው እሱ ራሱ አይደል እንዴ?»

«ቀደመው ነዋ።»

ሌላም ምክንያት እንደነበረው አውቃለሁ፤ ያልከዱትን ባሪያ አሳዳሪ ክፍለ ሀገሮች እንዳያጣ ፈርቶ ነው። ኋላ ራሱ ሲያውጅም ነጻ ያላቸው በአማፅያን እጅ ያሉትን፣ ማለትም ትእዛዙ በማይደርስበት አገር ያሉትን ነው፤ ትእዛዙ በሚደርስበት ያሉትን ለጊዜው ተዋቸው። ይህንንም ነገርኳት። ከፈተና አንድ ሰዓት በፊት ለተማሪ አዲስ ትምህርት አይሰጥም፤ ይህን ራሴ ለወጣት መምህራን ስመክር ኖሬያለሁ።

አስካለና ጌታሁን ተጠርተው ሲገቡ እኔና ሰላም መጠበቂያው ክፍል ቀረን። ግድግዳው ላይ ባንዲራ አለ፣ ወንበሩ ላይ የዓለም ሕዝብ ሁሉ አለ፣ ሁሉም ያነበንባል። እኔም ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል ተቀመጥኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ስፈትን እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሲወጡ የጌታሁን ፊት በላብ ርሷል። አስካለ ትስቃለች፤ ስትጨነቅም ስለምትስቅ ምንም አልገባኝም። የሆነውን የሰማነው መኪናው ማቆሚያ ስንደርስ ነው።

ዘጠኝ ጥያቄ ተጠይቃ አምስቱን መልሳለች። የቀረው አንድ ነው። ጠያቂዋ ሴት ጥያቄውን አቀረበች፣ ጌታሁንም ደስ ብሎት፣ ይህችን እንኳ ታውቃለች ብሎ ተረጎመው። «አብርሃም ሊንከን ከሠራቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱን ይንገሩን።»

አስካለ ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ፣ በሙሉ ኮንፊደንስ፣ «እሱን አላውቀውም» አለች።

ጌታሁን ምሏል። «አታውቀውም» ብሎ ተረጎመ።

ይህን ሲነግረኝ የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ። ያ ሁሉ ዓመት፣ የዮናስ ፋይል፣ ሁሉም በእኔ አዋቂነት ገደል ገባ ብዬ አፈርኩ። አስካለ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።

«ሊንከን መንገድ ነው» አለቻት ለጠያቂዋ። «መናፈሻም አለ። ሰው ግን አይደለም። እኔ የማውቀው አብርሃም ቶማስን ነው።»

ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «አብርሃም ቶማስ ማን ነው?»

«አብርሃም ቶማስ አብርሃም። ጎጆ ውስጥ የተወለደው። እናቱ በዘጠኝ ዓመቱ ሞታበት፣ የእንጀራ እናቱ ናት ያሳደገችው፣ እግዜር ይስጣት። ሱቁ የከሰረበት። ልጅ ጢም አሳድግ ብላው ያሳደገው።» ጌታሁን ለመተርጎም ይሮጣል፣ እሷ አትጠብቀውም። «ባሪያዎችን ነጻ አወጣ። ግን ሁሉንም አይደለም፤ ትእዛዙ የማይደርስበት አገር ያሉትን ነው። ፍሪሞንት ቀድሞት ነበር፣ አባረረው። ይሄ ልክ አልነበረም። በስቅለትም ቲያትር ቤት...»

«አንድ ይበቃል» አለች ጠያቂዋ። ወረቀቷ ላይ ምልክት አድርጋ፣ እየሳቀች፣ ማን እንዳስተማራት ጠየቀች።

«ጋሼ» አለች አስካለ።

ጌታሁን እዚህ ላይ ወደ እኔ ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ደምሴ፣ ለ‹ጋሼ› እንግሊዝኛ አጣሁለት። ‹ሚስተር ጋሼ› ብዬዎታለሁ። ዶክመንት ላይ ባይገባ ነው የሚሻለው።»

አልፋለች። አስካለን አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስሙን ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። «አንተ ባትነግረኝ እኮ ስሙን አላውቀውም ነበር» አለች። እስከ ዛሬም አስተማሪዋ የተሳሳተ አይመስላትም፤ ጠያቂዋ ናት ተምራ የሄደችው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። አስካለ «እንግዲህ ዮናስን መቼ ነው የምናመጣው?» አለች። ሰላም ከፊት ወንበር ዞራ ስልኳን ስትነካካ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረቻት። መሐላው ከተፈጸመ በኋላ አፕላይ ይደረጋል። ለዜጋ ያገባ ልጅ ተራው ረጅም ነው። አሁን እየተጠሩ ያሉት ከአሥር ዓመት በፊት ያመለከቱት ናቸው፤ ከዚያም የቆዩ አሉ። አስካለ «አሥር» አለች፤ ጣቶቿን አየች። እኔም ዕድሜዋ ላይ አሥር ደመርኩ፣ በራሴም ላይ ደመርኩ፣ ሁለቱንም ድምር ጠላሁት።

በመሀሉ የአስካለ ስልክ ጮኸ። ዮናስ ነው፤ ደብረ ብርሃን መሽቷል፣ ውጤቱን ሲጠብቅ ቆይቷል። አስካለ ድምፅ ማጉያውን ነካችው።

«እማ፣ እንዴት ሆነ?»

«አለፍኩ።»

ከወዲያ እልልታ ቀለጠ፤ የዮናስ ሚስት ናት። ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። ስምንት ወር የሆናት ማህሌት ናት፤ አስካለ የልጅ ልጇን ያየቻት በስልክ ብቻ ነው። ዮናስ እየሳቀ ጮኸ። «እማ፣ በቃ እንግዲህ፣ ማሂን ከአሁኑ እንግሊዝኛ ላስጀምራት?»

አስካለ ሰላምን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ተዋት፣ አትቸኩል» አለችው። «መጀመሪያ አማርኛውን ትጨርስ። ትደርሳለች።»